መብራቱ ስለጠፋ ተጠገነ ማለት ነው?

 

ዛሬ ወሬያችን ከጋራዥ ይጀምራል። አዲስ አበባ ውስጥ የቆየ ቪትዝ ወይም ኮሮላ የሚነዳ ሰው ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራውን ቢጫ የሞተር ምልክት በደንብ ያውቃታል። ቼክ ኢንጂን ነው የምትባለው። አንድ ቀን ጠዋት ትበራለች። መኪናው ግን ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ዳገቱንም ይወጣል። መለዋወጫ ውድ ነው፣ ሥራ ይጠብቃል። ስለዚህ አንዱ ጓደኛ «የባትሪውን ገመድ ነቅለህ ትንሽ ቆይተህ መልሰው፤ ትጠፋለች» ብሎ ይመክራል። እውነቱን ነው፤ በብዙ የቆዩ መኪኖች ላይ ትጠፋለች። ስካነር ያለው መካኒክ ደግሞ በአንድ ደቂቃ ኮዱን ይሰርዘዋል። ዳሽቦርዱ ንጹሕ ሆነ። የተበላሸው ነገር ግን በነበረበት አለ።

በዚህች ትንሽ ነገር ውስጥ ሁላችንንም የሚመለከት ጥያቄ አለ። ውስጣችን ጸጥ ሲል ጸጥ ያለው ስለተስተካከልን ነው ወይስ ማስጠንቀቂያውን ስላጠፋነው?

ጥያቄው ከባድ የሚሆነው «ልቤ ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል በመካከላችን ትልቅ ማስረጃ ስለሆነ ነው። ሰላት የተወ ወንድም «ዋናው ልብ ነው» ይላል። የጓደኛዋን ብር ተበድራ ሁለት ዓመት ዝም ያለች እህት «እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔንም አልከበደኝም» ትላለች። ማታ ማታ ማንም እንዲያይበት የማይፈልገውን ነገር በስልኩ የሚከፍት ደግሞ «መጀመሪያ መጀመሪያ ይረብሸኝ ነበር፤ አሁን ግን ምንም አይለኝም» ይላል። የሦስቱም ማስረጃ አንድ ነው፤ መብራቱ አልበራም።

ልብ ምስክር መሆኑን ዲናችን አይክድም። ኢማሙ ሙስሊም ከነዋስ ኢብን ሰምዓን (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወንጀል ማለት ደረት ውስጥ የሚከነክን፣ ሰዎች እንዲያውቁብንም የማንወደው ነገር መሆኑን አስተምረዋል። ዋቢሳ (ረ.ዐ) ሊጠይቃቸው በመጣ ጊዜ ደግሞ ልቡን እንዲጠይቅ ነግረውታል፤ የልብ መረጋጋትንም የበጎነት ምልክት አድርገውለታል።

እንግዲህ «ልቤ ተረጋግቷል» የሚለው ሁሉ ሐዲስ ይዟል ማለት ነው? እዚህ ጋ ቆም እንበል። ዋቢሳ የመጣው በጎነትንና ወንጀልን ለይቶ ለማወቅ ነው። እውነቱን የሚፈልግ፣ የሚነገረውንም ለመሥራት የተዘጋጀ ልብ ይዞ ነው የመጣው። የተላከው ወደሚሠራ መብራት ነው። የእኛ ጥያቄ ደግሞ የእኛ መብራት ይሠራል ወይ የሚለው ነው።

ጸጥታ ሦስት ዓይነት ነውና። ከጥገና በኋላ የሚመጣ ጸጥታ አለ። ኮድ ከመሰረዝ በኋላ የሚመጣ ጸጥታ አለ። አምፖሉ ከሞተ በኋላ የሚመጣ ጸጥታም አለ። ዳሽቦርዱን ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሦስቱም አንድ ናቸው።

ከዚያ በፊት ግን መብራቱን አንጥላው። የዘይት ቀይ መብራት በመንገድ ላይ ከበራ የሚናገረው ስለ ዘይት ግፊት ነው። የሞተሩ ብረቶች እርስ በርስ ተፋጭተው እንዳይበላሉ የሚጠብቃቸው ዘይቱ በግፊት ሲደርሳቸው ነው። ያኔ ዳር ይዞ ወዲያው ሞተር ማጥፋት ነው፤ «ቤት እስክደርስ» ያለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሞተሩን ሊያጣ ይችላል። ቼክ ኢንጂን ደግሞ ሳትቆራረጥ ስትበራ «ቶሎ አስመርምሩኝ» ማለቷ ነው። ብልጭ ድርግም ስትል ግን ብዙ ጊዜ ሞተሩ ውስጥ ነዳጁ በትክክል እየነደደ አይደለም ማለት ነው፤ ያልነደደው ነዳጅ ወደ ጭስ መውጫው ሄዶ እዚያ ያለውን ካታሊስት አግሎ ሊያበላሸው ይችላል። መኪናው ዝም ቢል ኖሮ ይህን ሁሉ የምናውቀው ከጠፋ በኋላ ነበር። መብራቱ ጠላት አይደለም፤ እዝነት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ቂያማ መጀመሪያ ላይ ከትንሣኤ ቀን ቀጥሎ ያነሳው ራሷን የምትወቅስ ነፍስን፣ ነፍሱል ለዋማን ነው። ከዚያ ታላቅ ቀን ጎን መነሳቷ ክብሯን ያሳያል። ስለዚህ እናታችሁ ላይ ጮሃችሁ እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ፣ ዋሽታችሁ ምግብ ካልወረደላችሁ፣ ሱብሒ አልፏችሁ ቀኑን ሙሉ አንዳች ነገር ከጎደለባችሁ፣ አልሐምዱሊላህ በሉ። የሚወቅስ ነፍስ አላችሁ። የሚያስፈራው መወቀስ ያቆመው ነው።

አሁን ወደ ተሰረዘው ኮድ እንምጣ። የፍሬን ቀይ መብራት ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁም መብራቱ ካልጠፋ አንዱ የተለመደ ምክንያት የፍሬን ዘይት ማነስ ነው። ዘይት ጨምረን መብራቱ ሲጠፋ ደስ ይለናል። ነገር ግን የፍሬን ዘይት እንደ ቤንዚን ነድዶ አያልቅም። ከጎደለ ወይ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ደግሞ የፍሬን ሸራው ተበልቶ ሲሳሳ ዘይቱ የእሱን ቦታ ሊሞላ ወርዷል። ዘይት ብቻ ጨምሮ መሄድ ማለት መብራቱ ጠፍቶ፣ ሸራው እንዳለቀ፣ ከእንጦጦ ቁልቁል መውረድ ማለት ነው።

አንዳንዱ ኢስቲግፋራችን ይህን ይመስላል። ሰው አምተን «አስተግፊሩላህ» እንልና ወሬውን ካቆምንበት እንቀጥላለን። የሰው ሐቅ ይዘን በረመዳን መጨረሻ ሌሊቶች እናለቅሳለን፤ ለዒድ ቀለል ይለናል፤ ሐቁ ግን አሁንም ኪሳችን ውስጥ ነው። ኢስቲግፋር ትልቅ ዒባዳ ነው፣ እንባውም ውድ ነው። ጥፋቱ ኢስቲግፋሩ ላይ አይደለም፤ በጥገናው ቦታ መግባቱ ላይ ነው። ቀለል ማለታችንን ከመስተካከል ጋር አምታተነዋል።

ኮድ ሳያነቡ መሰረዝ ሌላም ጉዳት አለው። ኦቢዲ ቱ የሚባለው የመመርመሪያ ሥርዓት በፈረንጆቹ 1996 አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ግዴታ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ተስፋፍቷል። ይህ ሥርዓት ኮድ ሲመዘግብ ችግሩ በተፈጠረበት ቅጽበት የነበረውን ሁኔታም አብሮ ይይዛል፤ መኪናው በስንት ፍጥነት ይሄድ እንደነበር፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደሞቀ፣ በስንት ዙር ይሽከረከር እንደነበር። ጎበዝ መካኒክ መጀመሪያ ይህን ያነባል። ቸኩሎ የሰረዘ ሰው ግን ምስክሩንም አብሮ አጠፋው።

እኛም ልባችን ሲከነክነን ቶሎ የምንሮጠው ወደ ስልካችን ነው። ሌላ ቪዲዮ፣ ሌላ ወሬ፣ ሌላ ሳቅ። ክንክኑ ይጠፋል፤ መረጃውም ይጠፋል። እስቲ ከማጥፋታችን በፊት እናንብበው። ስንት ሰዓት ላይ ነበር? ከማን ጋር ነበርኩ? ከዚያ በፊት ምን ሆኜ ነበር? አንድ ወንጀል ሁልጊዜ የሚደርስብን ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ብቻችንን፣ ስልክ ይዘን ከሆነ፣ ይህ ትልቅ መረጃ ነው። ጥገናው ስልኩን ሳሎን ትቶ እንደመተኛት ቀላል ሊሆን ይችላል። ያላነበበ ሰው ግን በየሳምንቱ ያለቅሳል፣ በየሳምንቱም ይመለስበታል።

ሦስተኛው ጸጥታ ከዚህም ይከፋል። አሮጌ መኪና ልትገዙ ከሄዳችሁ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ቁልፉን ለማስነሳት ከሚያስፈልገው አንድ ደረጃ አሳንሳችሁ አዙሩ። ቼክ ኢንጂን፣ ዘይት፣ ባትሪ፣ ካለውም ኤርባግና ኤቢኤስ መብራት አለባቸው። መኪናው መብራቶቹ መሥራታቸውን የሚያሳያችሁ በዚህ ነው። ከዚያ ይጠፋሉ። በዚያ ጊዜ ያልበራ መብራት ካለ ደስ አይበላችሁ። ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ አንድ ሰው ነቅሎታል፣ ወይ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖታል። ጭራሽ የማይበራው ከሚበራው በላይ ያሳስባል።

ሱረቱል ሙጠፊፊንን በዚህ ዓይን አንብቡት። ሱራው የሚከፈተው በስፍርና በሚዛን በሚያጭበረብሩ ሰዎች ላይ በወረደ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከሌላው ሲቀበሉ ሞልተው፣ ለሌላው ሲሰጡ አጉድለው። ጥቂት አንቀጾች ወረድ ብሎ ደግሞ የፍርዱን ቀን የሚያስተባብሉ ሰዎች ይሠሩት የነበረው ሥራ ልባቸውን እንደ ዝገት እንደሸፈነው ይነግረናል። ገበያና ልብ በአንድ ሱራ ተገናኙ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ባሪያ ወንጀል ሲሠራ ልቡ ላይ ጥቁር ነጥብ እንደሚያርፍ፣ ቢቶብት እንደሚጠራ፣ ቢደጋግመው ግን ነጥቡ እየሰፋ ልቡን እንደሚሸፍን አስተምረዋል። ይህ ነው በሱራው የተወሳው ዝገት።

እንግዲህ «መጀመሪያ ይረብሸኝ ነበር፤ አሁን ግን ምንም አይለኝም» የሚለው ቃል የንጽሕና ማስረጃ አይደለም። አምፖሉ እየሞተ መሆኑን የሚገልጽ ሪፖርት ነው። ከዚህ የምንይዘው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ልብ ሲከነክን እንመነው፣ ቆም ብለንም እንመርምር። ዝም ሲል ግን ዝምታውን ብቻውን ማስረጃ አናድርገው። ዝምታውን በቁርአንና በሱና፣ በሚያውቁ ዐሊሞች፣ ከእኛም በሚበልጡ ጓደኞች ፊት እንፈትነው። ሰይዱና ዑመር (ረ.ዐ) ሒሳብ ሳንጠየቅ በፊት ራሳችንን እንድንተሳሰብ መምከራቸው ለዚህ ነው። ሙሐሰባ ማለት ቁልፉን አንድ ደረጃ አዙሮ መብራቶቹ ይበሩ እንደሆነ ማየት ነው።

ገበያውን ካነሳን አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። ሊሸጥ የታሰበ መኪና ጠዋት ኮዱ ተሰርዞ ከሰዓት ለገዢ ይታያል። ብዙ ሰው ይህን «ብልጠት» ይለዋል። ገዢው ምናልባት ከእህቱ ተበድሮ፣ የእናቱን ወርቅ አሽጦ፣ በመኪናዋ ሠርቶ ቤተሰቡን ሊረዳ ያሰበ ወጣት ነው። በሳምንቱ መብራቱ ተመልሶ ይበራል። ሻጩ ስልኩን አያነሳም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ ከተው ከሥሩ እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ተናገረ። እሳቸውም እርጥቡን ሰዎች እንዲያዩት ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእሳቸው እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ በሉ፤ ሰውየው ዝናቡን አላዘነበም። መርጠቡም ጥፋቱ አልነበረም። ጥፋቱ እርጥቡን ከሥር ማድረጉ ነው። አሮጌ መኪና መሸጥ ነውር የለበትም፤ ቼክ ኢንጂን የበራበት መኪና መሸጥም ሐራም አይደለም። «ይህች መብራት ትበራለች፣ ኮዱ ይህ ነው፣ ዋጋውን በዚህ አስቡት» ማለት ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት የሐኪም ኢብን ሒዛም (ረ.ዐ) ሐዲስ ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ጉድለቱን ከገለጹ ግብይታቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ ተነግሮናል። አንዳንዱ «እኔ አልነካሁትም፤ ደላላው ነው ያጠፋው» ይላል። ሱረቱል ቂያማ ሰው ምክንያት ቢደረድር እንኳ በራሱ ላይ ምስክር መሆኑን ያስታውሰናል።

አንድ አስገራሚ ነገር ልጨምርላችሁ። ኮድ ሲሰረዝ ኮምፒውተሩ የራሱን ምርመራዎች እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስካነር የሚያውቅ ገዢ ሲያየው ብዙዎቹ ምርመራዎች ገና አልተጠናቀቁም ይለዋል። በቅርቡ ኮድ የተሰረዘበት ወይም ባትሪው የተነቀለበት መኪና መሆኑን ይጠረጥራል። ማጥፋቱ ራሱ አሻራ ተወ። በሰው የተሠራ ትንሽ ማሽን ይህን ካስቀረ፣ የማይረሳው ጌታ ዘንድ ምን ይጠፋል?

የመጀመሪያው ጸጥታ፣ ማለትም የእውነተኛው፣ እንዴት ይመጣል? ይህም በመኪናው ውስጥ አለ። በኦቢዲ ቱ አሠራር ችግሩ በትክክል ከተፈታ ማንም ምንም ሳይነካ መብራቱ በራሱ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ በተለምዶ በሦስት ተከታታይ ጉዞዎች ያንን ችግር ካላየ መብራቱን ያጠፋዋል። ኮዱ ግን ወዲያው አይፋቅም፤ ሞተሩ ከቅዝቃዜ ተነስቶ ወደ 40 ጊዜ ያህል በደህና እስኪሞቅ ድረስ በማኅደሩ ይቆያል። መዝገቡን የሚያጸዳው መሄድ ነው፤ ሳይበላሹ መሄድ።

ኢማሙ ነወዊ የዘረዘሯቸውን የተውባ መስፈርቶች አስቡ። ወንጀሉን ማቆም፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መቁረጥ፣ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ለባለቤቱ መመለስ ወይም ይቅርታውን ማግኘት። ከእነዚህ አንዱም «ቀለል ማለት» አይደለም። ቀለል ማለቱ በኋላ ይመጣል። የጓደኛዋ ብር ያለባት እህት ዛሬ ማታ ልትደውልላት ትችላለች፤ ሙሉው ባይኖራት እንኳ «አልረሳሁትም፤ በየወሩ ይህን ያህል እከፍልሻለሁ» ልትላት ትችላለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመጥፎ ሥራ በኋላ መልካሙን እንድናስከትል፣ እሱም እንደሚፍቀው አስተምረውናል። አስከትሉ፣ ተጓዙ። መብራቱ ይጠፋል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉ።

አንደኛ፣ ኮድ ፍርድ አይደለም። ፒ 0171 የሚባለው ኮድ የሚለው ሞተሩ ውስጥ ከነዳጁ አንጻር አየሩ በዝቷል ብቻ ነው። ምክንያቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ ሴንሰር ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ችኩል መካኒክ ሳይመረምር ዕቃ ያስገዛል። ጓደኛችሁ ሲያዝን፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ከሰው ሲርቅም እንደዚያ መካኒክ አትሁኑ። «ኢማንህ ደክሞ ነው» ከማለታችሁ በፊት ጠይቁት። ምናልባት ታሟል፣ ምናልባት ሐዘን ላይ ነው፣ ምናልባት ሐኪም ያስፈልገዋል። ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ አልቅሰዋል፤ ይህ የኢማን ጉድለት አልነበረም። ሐኪም ማየትና ዱዓ ማድረግ አብረው ይሄዳሉ።

ሁለተኛ፣ ከጥገና በኋላም መብራቱ ለጥቂት ጉዞ ሊቆይ ይችላል። ከልባችሁ ቶብታችሁ፣ ሐቁንም መልሳችሁ፣ ግን «አላህ አልተቀበለኝም» የሚል ድምፅ የማይለቃችሁ ካላችሁ፣ እሱን እንደ አዲስ ብልሽት አትቁጠሩት። ሸይጧን ከወንጀሉ በፊት መብራቱን ይሸፍናል፤ ከተውባ በኋላ ደግሞ ያለ ምክንያት ያበራዋል። በሱረቱ ዙመር አላህ በነፍሶቻቸው ላይ ድንበር ያለፉ ባሮቹን ከእዝነቱ ተስፋ እንዳይቆርጡ ራሱ ጠርቷቸዋል። የጠራችሁ እሱ ነው፤ ከመንገድ አትመለሱ።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ከዐስር በኋላ ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝበት ሰዓት ይጠበቃል። ከዚያ በፊት አሥር ደቂቃ ስልካችሁን አስቀምጡና ቁልፉን አንድ ደረጃ አዙሩ። የማን ሐቅ አለብኝ? ድሮ ይከብደኝ የነበረ፣ አሁን ግን ምንም የማይለኝ ነገር የቱ ነው? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከመጣላችሁ ከእሱ ጀምሩ።

አላህ የሚያይ፣ የሚከነክን፣ የሚመለስ ቀልብ ይስጠን። የተሸፈነውን ይግለጥልን፣ የዛገውን ያጥራልን። ሐቃቸው ያለብንን ሰዎች ሳንሞት የምንክስ ያድርገን። ሱረቱል ከህፍንና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ።